የሚናስ ቡድን

ዑዘይር ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የእጅ ጌም መጠገን ከጀመረ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። እኔ ከጎኑ ሰዓት እጠግናለሁ፤ ሁለታችንንም የበላን ስልክ ነው። ድሮ ፒኤስፒ የሚባለውን የእጅ ጌም የያዘ ወጣት ደጃፉን ሞልቶት ይውል ነበር። ዛሬ ሁሉም በስልኩ ይጫወታል። መሀል ላይ ማስታወቂያ ይገባበታል፣ ይደወልበታል፣ ግን ማን ሁለት ዕቃ ይሸከማል? ዑዘይር ይህን ሲሰማ ይበግናል። «የስልኩ ጨዋታ የኩባንያው ነው፤ ይሄ ግን እጅህ ላይ ያለ የራስህ ንብረት ነው» ይላል። የሚሰማው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ሰልችቶኛል።

ባለፈው ጥቅምት አቶ ዓምደሚካኤል የተባሉ ሽማግሌ ከእሪ በከንቱ መጡ። በመሃረብ የጠቀለሉትን ፒኤስፒ አወጡና፣ «የልጄ ነው። እንዲበራልኝ ብቻ ነው የምፈልገው» አሉ። ልጁ የት እንዳለ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ዑዘይር ሰርግ ቤት የተጠራ መሰለ። እንዲህ ያለ ሥራ ከገባለት ሁለት ዓመት አልፎታል። ያበጠውን ባትሪ ቀየረ፣ ቁልፎቹን አጸዳ። ከዚያ እንደ ልማዱ ምርቃት ጨመረ፤ ለጥገና የመጣ ሰው ሁሉ ሜሞሪውን ባዶ አድርጎ አዳዲስ ጨዋታ በነጻ ይጭንለታል። ስሙ የተጠራውም በዚህ ነበር። ለሽማግሌው ሃያ ጫነላቸው።

በማግስቱ መጡ። ስክሪኑ ሲበራ ጠጋ አሉ።

«በል የኳሱን ጨዋታ ክፈትልኝና ሚናስ የሚለውን አሳየኝ። ልጄ ካረፈ ሰባት ወሩ ነው። የሰፈሩን ልጆች ስም ጽፎ፣ የራሱን ቡድን እዚህ ውስጥ ሠርቶ ነበር አሉኝ።»

የዑዘይር ፊት አመድ መሰለ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይሄ ነው። «አንዴ ጋሼ፣ ትንሽ ይቀመጡ» አለና ጀርባውን ሰጣቸው። ሚናስ ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ። ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሲሰጣቸው በፈረንጅ ፊደል የተጻፈው ስም ላይ ጣታቸውን አሳረፉና፣ «ሚናስዬ» አሉ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ታች ወረደ። «አማኑስ? እምሩስ? እነሱ የታሉ? አብረው ነበሩ እኮ።»

ዑዘይር ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ አቃተው።

«አጥፍቼዋለሁ ጋሼ። ጨዋታ ልጨምርልዎ ብዬ፣ ሳላውቅ ሁሉንም አጠፋሁት። ስልክ ቢሆን ኖሮ ኢንተርኔት ላይ ቅጂው ይገኝ ነበር። ይሄ ግን የነበረው ሜሞሪው ላይ ብቻ ነው፤ አይመለስም።»

«ታዲያ ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

አቶ ዓምደሚካኤል አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ዕቃውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡለትና፣ «እንግዲያው ይሄንንም አጥፋው» አሉ።

ዑዘይር አምስቱን ፊደላት ከኋላ ጀምሮ አንድ በአንድ አጠፋ። እሳቸው የመጨረሻው እስኪጠፋ ድረስ ቆመው አዩ።