ዓሣ ነባሪውና የእንቁላሉ ቅርፊት

ባለፈው ማክሰኞ ፍራንክፈርት፣ ኖርድቬስትሽታት ሰፈር የሚገኝ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ወንበሩን ወደ ኋላ ሲያጋድሙት ጣሪያው ላይ የተለጠፈ ትልቅ የዓሣ ነባሪ ፎቶግራፍ ቁልቁል ተመለከተኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት። «እሱን እያዩ ዘና ይበሉ፤ ልጆችም በጣም ይወዱታል» አለችኝ። እኔ እንኳ በአካል አውቀዋለሁ ልላት ፈልጌ ነበር። ግን አፍ ተከፍቶ፣ ግማሹ ደንዝዞ፣ ሁለት ብረትና አንድ ቱቦ ገብቶበት ምን ይወራል? አፉን ከፍቶ የተጋደመ ሰው ሐሳቡ ሩቅ መሄዱ አይቀርም። የኔም ሠላሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ፣ የከተማው ወንዝ ወደብ፣ ኦስትሃፈን ድረስ ሄደ።

ያኔ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነው። ዞሰንሃይም የሚባል ሰፈር ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተጋርቼ እኖራለሁ። ማለዳ ኦስትሃፈን እወርድና ወንዙ ዳር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ካርቶን ሳራግፍና ስደረድር እውላለሁ። በክረምት ከማይን ወንዝ የሚነሳው ብርድ ጓንት አልፎ ጥፍር ውስጥ ይገባል። በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት ጋሽ ተስፋይ ነበሩ። የአስመራ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ የመርከብ ሞተር ሜካኒክ ሆነው አገልግለዋል። አማርኛቸው የተማሪ ቤት አማርኛ ስለሆነ ከእኛ ይልቅ የጠራ ነበር፤ ሲደሰቱ ወይም ሲያዝኑ ብቻ ትግርኛው ብቅ ይላል። እኔን «ወደይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ጋሽ ተስፋይ አንድ ታሪክ ነበራቸው። በፓውዘ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ዳቧችንን ስንፈታ ይጀምሩታል። ከዳህላክ ወዲያ፣ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት መስሎ በተኛበት አንድ ቀን፣ ከመርከባቸው አጠገብ ዓሣ ነባሪ ወጣ። ጀርባው የዚህን መጋዘን ጣሪያ ያህላል። ተነፈሰ፤ ትንፋሹ ፊታቸውን አራሰው። ጀርመኖቹ ይስቃሉ። አንዳንዱማ ቀይ ባሕር ውስጥ ዓሣ ነባሪ የለም ብሎ ይከራከራቸዋል። ያን ጊዜ ዳቧቸውን ጠቅልለው ይነሳሉ፤ እስከ ማታ አያናግሩንም።

እኒሁ ሰው ለፍራንክፈርት ሐበሻ ሽማግሌ ነበሩ። ልጅ ሊጠየቅ ሲሆን፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት ሊታረቁ ሲሆን፣ መጀመሪያ ስልክ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። የኔም ችግር የመጣው ከዚሁ ነው። የምወዳት ልጅ፣ ሰናይት፣ የጋሽ ተስፋይ ልጅ ነበረች። ነርስነት ትማራለች፤ እናቷ ካረፉ ወዲህ ከአባቷ ጋር ኖርድቬስትሽታት፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። እንግዲህ ወደ ሽማግሌው ቤት ማን ሽማግሌ ሆኖ ይሄዳል? በጀርመን አገር ዘመድ የለኝም። የማውቀው ትልቅ ሰው ሁሉ ነገሩን ባማክረው፣ «መጀመሪያ ጋሽ ተስፋይን እንያዝ» ከማለት አያልፍም። ሰናይት ደግሞ አንድ ነገር አስጠንቅቃኛለች።

«ባባ ሁሉን ይታገሳል» አለችኝ። «ድህነትም፣ ስንፍናም። ውሸት ግን አይወድም። አንድ ጊዜ ከዋሸኸው አለቀልህ።»

ጋሽ ተስፋይ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ ክሬን የሚነዳው ዲተር መላ አመጣ። የእህቱ ባል ካናሪ ደሴቶች ላይ ትንሽ ጀልባ አለው፤ በዚያ ባሕር ዓሣ ነባሪ አይጠፋም። «ሽማግሌው ሄደው ይዩና ይረፉ፤ እኛም እንረፍ» አለ። ብቻቸውን አይሆንም ተባለና አብሯቸው የሚሄድ ሲፈለግ፣ ከሁሉ ቀድሞ የተነሳው የኔ እጅ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደግኩ ነኝ፣ ጀልባ ለኔ አዲስ አይደለም አልኩ። አንድ ሳምንት አብሬያቸው ከሰነበትኩ፣ ትሕትናዬንና ሰው አክባሪነቴን ካሳየኋቸው፣ ሽማግሌ መላኩ ይቀላል ብዬ ነበር። ኡርላውባችንን፣ የዓመት ፈቃዳችንን፣ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በፌብሩዋሪ ያዝን። ቀኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ያየሁትም መጋዘኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የጀርመን ካላንደር ብቻ ነው።

ከፍራንክፈርት ስንነሳ መንገዱ ላይ በረዶና ጨው ተደባልቆ ጭቃ ሆኖ ነበር። ስንደርስ የሙዝ ተክል ነፋስ ያወዛውዘዋል። ጋሽ ተስፋይ ከአውሮፕላን ማረፊያ ካመጣን መኪና ወርደው ኮታቸውን አወለቁ፤ አየሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡና «ምጽዋ ነው የሚሸተኝ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ያረፍነው አንዲት መበለት ቤት ነው። ቅዳሜና እሑድን በባሕሩ ዳር ስንዘዋወር፣ ብርቱካን ስንበላ አሳለፍን። ደስ ብሎኛል፤ ነገር በእጄ የገባች መስሎኛል።

ሰኞ ጠዋት በራፋቸውን አንኳኳሁ።

«ጋሽ ተስፋይ፣ ቁርስ ቀርቧል።»

«ዛሬ ምንድነው ወደይ?»

«ሰኞ።»

«ሰኞስ ሰኞ ነው። ነነዌ ገብቷል እኮ፣ እስከ ረቡዕ።» ከዚያ በሩን ከፍተው በደስታ አዩኝ። «ዮናስ ከዓሣ ሆድ በወጣበት ጾም ዓሣ ነባሪ ልታሳየኝ! አስበህበት ነው ቀኑን የመረጥከው?»

አላሰብኩበትም ማለት ነበረብኝ። ግን ፊታቸው በርቶ ነበርና «አዎ» አልኩ። አንዴ አዎ ካልኩ በኋላ «እኔም እጾማለሁ» ማለቱ በራሱ ጊዜ ተከተለ። እሳቸው እንዲህ ያለውን ጾም የሚይዙት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ውኃም አይቀምሱም።

እውነቱን ለመናገር እኔ በዚያን ዘመን እንኳን ነነዌን፣ ስቅለትንም በወጉ የምጾም ሰው አልነበርኩም። ሰኞን እስከ አምስት ሰዓት ቻልኩ። ከዚያ መበለቲቱ ኩሽና ገብቼ ዳቦ በአይብ በላሁ። ማክሰኞም እንዲሁ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሲሞላ ደግሞ ከጋሽ ተስፋይ ጋር እቀመጥና እንደ ተራበ ሰው እንደገና እበላለሁ። እሳቸውም «ጎበዝ» ይሉኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት የጠገብኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ረቡዕ የጀልባው ቀን ነበር። የዲተር እህት ባል፣ ማንፍሬድ፣ ማታውኑ ደውሎ በባዶ ሆድ ባሕር እንዳትገቡ ብሎናል። መበለቲቱ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ሰጠችኝ። የጋሽ ተስፋይ ክፍል ከኔ ጎን ስለሆነ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ቧንቧውን ከፍቼ፣ በውኃው ድምፅ ተከልዬ በላሁት። ቅርፊቱን የት ልጣለው? የጽዳቱን ቅርጫት ሁለታችንም እንጠቀምበታለን። በመሐረቤ ጠቀለልኩና ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ጀልባዋ ትንሽ ነበረች፤ እኛ ሁለታችንና ማንፍሬድ ብቻ። ወደቡን እንደለቀቅን ማዕበሉ ጀመረን። ሐዋሳ ሐይቅ ሲቆጣ አይቻለሁ፤ ይህ ግን ቁጣ ሳይሆን የማያቋርጥ ማንሳትና ማውረድ ነው። ሆዴ ከኔ ቀድሞ ይወጣል፣ ከኔ ዘግይቶ ይወርዳል። ባዶ ሆዳቸውን ያሉት ጋሽ ተስፋይ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት ጣት ይዘው እንደ ወጣት ቆመዋል። ባሕረኛ ለካ አያረጅም።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የኔን ባሕር አወጣው። በጠርዙ ላይ ተደፍቼ የበላሁትን ሁሉ ለውቅያኖሱ አስረከብኩ። ጋሽ ተስፋይ ጀርባዬን ያሻሻሉ። «አይዞህ፣ ወደይ፣ ባዶ ሆድ ነው እንዲህ የሚያደርገው» ይላሉ። ይህን ሲሉኝ ከሕመሜ ይልቅ ኀፍረቱ ባሰኝ። አፌን ልጠርግ ቀና አልኩና ሳላስብ መሐረቤን ከኪሴ ስቤ አወጣሁ።

ቅርፊቱ ተበተነ። የጀልባዋ ወለል ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው፤ እንቁላሉ ነጭ። አንዱ ስባሪ ከጋሽ ተስፋይ ጫማ ፊት ሄዶ ቆመ። ጎንበስ ብለው አነሱት፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። ማንፍሬድ ነገሩ ምን እንደሆነ ባይገባውም ዓይኑን ወደ መሪው መለሰ።

«የነነዌ ከብት እንኳ ጾማለች» አሉ ጋሽ ተስፋይ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «የዛሬ ነው ወይስ የሦስቱም ቀን?»

መዋሸት አሁንም ይቻል ነበር። ለመድኃኒት ብዬ ነው፣ ማንፍሬድ አስገድዶኝ ነው ማለት ይቻላል። ግን አቅሙም አልነበረኝም።

«የሦስቱም ቀን። ቀኑንም አስቤ አልመረጥኩትም፤ ነነዌ መሆኑን አላወቅሁም።»

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«እርስዎ ፊት ደህና ሰው ለመምሰል።»

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ባሕሩን ማየት ጀመሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በኔ ደረሰ። ሰናይትን አጣኋት ብዬ ቁርጤን አወቅሁ። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ቅርፊቱን መልቀም ያዝኩ፤ ሌላ ምን እሠራለሁ?

ለቅሜ ስጨርስ ጋሽ ተስፋይ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እኔም አላየሁትም» አሉ።

«ምኑን?»

«የቀይ ባሕሩን ዓሣ ነባሪ። ታች ሞተር ክፍል ነበርኩ። ላይ ያሉት ጓደኞቼ ሲጮኹ ሰምቼ መሰላሉን ወጣሁ። ስደርስ ውኃው ተኝቷል። ምንም የለም። እነሱ ሲያወሩት ሲያወሩት ከርመው፣ አንድ ቀን እኔም አየሁ አልኩ። ከዚያ በኋላ በየት በኩል ልመለስ? ከሁሉ የምጠላው ውሸት ነው እያልኩ ያሳደግኳት ልጄ እንኳ ይህን አታውቅም።»

እንዲያ አንገታቸውን ደፍተው አይቻቸው አላውቅም ነበር። እጃቸውን ያዝኩ፤ አልነጠቁኝም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለአንድ ታሪክ ጠበቃ ሆነው የኖሩት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ማንፍሬድ ሞተሩን አጠፋና በእጁ ወደ ግራ አመለከተ። መጀመሪያ ድምፁን ሰማነው፤ እንደ ደከመው ሰው ረጅም ትንፋሽ። ከዚያ ጥቁር ጀርባ ውኃውን ከፍቶ ወጣና ተመልሶ ገባ። ሌላ ተከተለ። አምስት ይሆናሉ፤ አናታቸው ክብ ነው፣ ገላቸው የታጠበ ጎማ ይመስላል። አንዷ ግልገሏን በጎኗ ለጥፋ ከጀልባችን ሥር አለፈች። የትንፋሻቸው ሽታ ዓሣ ዓሣ ይላል፤ ደስ የሚል ሽታ ነው አልልም። ጋሽ ተስፋይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። ከዚያም አማተቡ። በሕይወቴ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ የሌላ ሰው ደስታ ያን ያህል ያስደሰተኝ ግን ጥቂት ጊዜ ነው።

«እነዚህ ትንንሾቹ ዘር ናቸው» አለ ማንፍሬድ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ። «ትልልቆቹ ዛሬ አልመጡም።»

«ለእኔ ይበቃሉ» አሉ ጋሽ ተስፋይ በጀርመንኛ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰናይት ከፍራንክፈርት የቋጠረችላቸውን ቆሎ አወጡ። ባርከው ለራሳቸው አንድ እፍኝ ዘገኑና ለኔም ዘረጉልኝ። «ብላ፤ አሁን በእርግጥ ባዶ ሆድህን ነህ» ብለውኝ ሳቁ። ሳቃቸውን እንደተዉ ደግሞ ዓይናቸውን ከቆሎው ሳያነሱ፣ «ሽማግሌ ላክ» አሉ።

ደነገጥኩ። ለካ ስለ ሰናይት ሁሉን ያውቃሉ።

«ማንን ልላክ ጋሽ ተስፋይ? እዚያ ከተማ ሽማግሌ ማለት እርስዎ ነዎት።»

«ሰዎቹን እኔ እፈልግልሃለሁ። ሁለት ነገር ግን ቃል ትገባለህ። አንደኛ፣ ከመጪው ዓመት ጀምሮ እነዚህን ሦስት ቀናት በትክክል ትጾማለህ። ሁለተኛ፣ እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ የነገርኩህን ለማንም አትናገርም። የእንቁላሉንም እኔ አልናገርም።»

ከፋሲካ በኋላ በአንድ እሑድ፣ ራሳቸው መርጠው የላኩልኝ ሦስት ሽማግሌዎች ሰባተኛ ፎቅ ወጡ። ጋሽ ተስፋይ ቁጭ አድርገዋቸው፣ «ለመሆኑ ልጁ የማን ልጅ ነው? ጠባዩስ እንዴት ነው?» እያሉ ሲመረምሯቸው ዋሉ። በመጨረሻም እናስብበት ብለው ለሌላ ቀን ቀጠሯቸው። ሽማግሌዎቹ ተስፋ ቆርጠው ሲነግሩኝ ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን ማዞር ነበረብኝ። ሰርጋችን ላይ የቀይ ባሕሩን ታሪክ እንደ ልማዳቸው አወሩት። ትንፋሹ ፊቴን አራሰው ሲሉ ወደኔ ገረፍ አድርገው አዩኝ፤ እኔም መስክሬላቸዋለሁ። ካረፉ አሁን ስድስት ዓመት አልፏል።

ሐኪሟ ሥራዋን ጨርሳ ስነሳ ጸሐፊዋ ቀጣዩን ቴርሚን፣ ቀጠሮዬን፣ ለፌብሩዋሪ፣ ለሰኞ ጠዋት ጻፈችልኝ። ከቁርስ በኋላ የሚዋጥ መድኃኒትም አለው። የኪስ ካላንደሬን አየሁና ሰኞ አይመቸኝም አልኳት። ማክሰኞና ረቡዕም አይሆንም።

«ሥራ አለብዎት?»

«አይደለም። ቁርስ ስለማልበላ ነው፤ ሐሙስ ይሁንልኝ።»

ሰናይት ውጭ ትጠብቀኝ ነበር። ኡ-ባን፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ውስጥ እንደተቀመጥን፣ ስንት ዓመት ስትጠይቀኝ የኖረችውን ጠየቀችኝ። «ዐቢይ ጾምን እንኳ በግማሽ የምትጾም ሰው፣ ነነዌ ላይ ምን ነክቶህ ነው እንዲህ የምትጠነክረው?»

በደነዘዘ አፌ የእንቁላሉን ነገርኳት። ሰዎች ዞረው እስኪያዩን ሳቀች። እንባዋን ጠረገችና፣ «ባባ ታዲያ ዝም አለህ?» አለች።

ቃሌ እስከ ሞታቸው ድረስ ነበር። ያም ሆኖ ለመናገር ከበደኝ። ቀስ ብዬ ነገርኳት፤ ስለ ሞተር ክፍሉ፣ ስለ መሰላሉ፣ ተኝቶ ስለጠበቃቸው ውኃ። ሰናይት በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ሰማችኝ።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «እማዬ ሳትሞት በፊት ነግራኛለች። አንተ እንዳትሰማ ነበር የምጠነቀቀው፤ ባባን እንዳትንቀው ብዬ።»

እጇን ያዝኩ። ከመውረዳችን በፊት ለነነዌ ስንት ቀን እንደቀረው አብረን ቆጠርን።