አምባ ጊዮርጊስ ላይ የሰማሁት የእናቴ ድምፅ

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ዳባት አስተማሪ ሳለሁ ነው። ዛሬም የሰርግ ዘፈን ስሰማ ትዝ ይለኛል።

እናቴ በደባርቅና በአካባቢው ሰርግ ላይ ዘፈን አውጪ ነበረች። ከማረፏ በፊት በነበረው ክረምት ቴፕ ተውሼ ድምፅዋን ቀዳሁት። የነበረችኝ ያቺው አንድ ካሴት ናት። ናፍቆቱ ሲጸናብኝ ከፍቼ እሰማታለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ቴፑ ክሩን በላው። ጎትቼ ላወጣው ስታገል ተጨማዶ ተበጣጠሰ። እናቴ እንደገና የሞተችብኝ ያህል አለቀስኩ።

ከጊዜ በኋላ ወደ ጎንደር ስሄድ አውቶቡሱ አምባ ጊዮርጊስ ቆመ። ሻይ ልጠጣ አንድ ቤት ገባሁ። ቴፕ ተከፍቶ የሰርግ ዘፈን ያሰማል። ድምፁ የማውቀው መሰለኝ፤ ግን ጆሮዬን አላመንኩትም። ወዲያው ዘፈኑ ተቋረጠና "ደሴ፣ በሩን ዝጋው እንጂ፣ ዶሮዎቹ ገቡ እኮ!" የሚል ተሰማ።

ደሴ እኔ ነኝ።

"እናቴ ናት!" ብዬ ጮህኩ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩዬ ደንግጠው ከጓዳ ወጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ለልጄ ሰርግ ወንድሜ ነው የቀዳልኝ። ዳባት ያስተምር ነበር" አሉኝ።

አስታወስኩት። ተዛውሮ የሄደ ባልደረባዬ ነው። ካሴቷን አንድ ሰሞን ተውሶኝ ነበር፤ መቅዳቱን ግን አላወቅሁም።

"እትዬ፣ ይስጡኝና ጎንደር አስቀድቼ ልመልስልዎት።"

"ኧረ አይሆንም ልጄ! መንገድ ላይ ብትጠፋስ? ከየት ትመጣለች?"

ፊቴን አዩት። ከዚያ ነጠላቸውን አንስተው ቤቱን ቆለፉ። "በል ተነስ፣ እኔው ይዣት እሄዳለሁ" አሉ።

በአውቶቡሱ አብረን ስንሄድ ኬላ ላይ ፈታሹ ወታደር ካሴቷን እያገላበጠ "ምንድን ነው?" አላቸው። "የዚህ ልጅ እናት ድምፅ ነው" አሉት። አንዴ እኔን አይቶ ካሴቷን መለሰላቸው።

ጎንደር ሙዚቃ ቤት ገብተን ለእኔም፣ ደባርቅ ላለችው እህቴም አስቀዳን። እስኪያልቅ አጠገቤ ተቀምጠው አብረውኝ ሰሙ። ስንለያይ "ሁለቱን አንድ ቤት እንዳታስቀምጥ" ብለው አስጠነቀቁኝና የራሳቸውን ጉያቸው ሸጉጠው ተመለሱ።

ዛሬ ልጄ ድምፁን ኮምፒውተር ላይ ጭናልኛለች፤ ለአክስቷም በፍላሽ ገልብጣ ልካላታለች። ወይዘሮ ጥሩዬ ግን በሕይወት የሉም። ለማያውቁት ሰው ብለው ሥራቸውን ጥለው አውቶቡስ መሳፈራቸው አሁንም ይደንቀኛል። እናቴን ስናፍቅ እሳቸውንም አብሬ እናፍቃለሁ።