ሽፈራውና ክንፍ ያላት ሴት

ወዳጄ ሽፈራው ታከር በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ከአንድ ጸጉር ቤት ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ ወርቅ ይሠራል። አሥራ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድቶ ነው ወደ ልጅነት ሙያው የተመለሰው። የተበጠሰ ሐብል ይቀጥላል፣ የጠበበ ቀለበት ያሰፋል፣ ደንበኛ ሲጠፋ ስለ ድሮ ሳንቲም ያነባል። ያወቀውን መደበቅ ግን አይሆንለትም። ባለፈው ቅዳሜም ያስጨነቀው ይኸው ጠባዩ ነው።

ደንበኛው ልዕልት የወርቅ ሳንቲም ይዛ መጣች። ብሩክሄቨን የሚባል ሰፈር እየሄደች ትንከባከባቸው የነበሩ አሜሪካዊት አሮጊት በኑዛዜ የተዉላት ነው። በማግስቱ የሚካኤል ዕለት የጓደኛዋን የሶስናን ልጅ ክርስትና ልታነሳ፣ ሳንቲሙንም አንገቷ ላይ ልታስርላት ነበር።

“ጋሽ ሽፈራው፣ ማንጠልጠያ በሶልደር ይበይዱልኝ። ቅዱስ ሚካኤል ነው። ልጅቷም ወለተ ሚካኤል ልትባል ነው፤ ለሁሉም ነግሬያለሁ።”

ሽፈራው ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ሳንቲሙን አገላበጠ። “ሳንቲሙ የሮማ ነው፤ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ግን ሚካኤል አይደለም።”

“ክንፉ ይኸው፣ መስቀሉ ይኸው። ታዲያ ማን ሊሆን ነው፣ የዴልታ አየር መንገድ ፓይለት?”

“ሴት ናት። ከጡቷ ሥር መታጠቋን እዪ። የሮማውያን የድል አምላክ ነበረች። ክርስቲያን ሲሆኑ ከሳንቲማቸው ላይ አላወረዷትም፤ መስቀል አስያዟት።”

ልዕልት ወንበር ስባ ተቀመጠች። “ጣዖት በልጅ አንገት ላስር ነበር በሉኛ። ምነው ዝም ቢሉኝ?”

“እኔ ዝም ብል ሌላው ይነግርሻል፣ ያውም በሰው ፊት።”

ትንሽ አሰበችና፣ “መስቀል ካስያዟት ክርስትና ተነስታለች ማለት አይደል?” አለች።

“እሱን አባን ጠይቂ። እኔ ወርቅ ሠሪ ነኝ።”

ሳንቲሙን አልበሳውም፣ እሳትም አላስነካውም። ዙሪያውን በቀጭን የወርቅ ክፈፍ ይዞ፣ ማንጠልጠያውን ክፈፉ ላይ አበጀለት።

እሑድ ከጥምቀቱ በኋላ ልዕልት ሳንቲሙን ለአባ ፊልጶስ ዘረጋች። አፏን ሳትከፍት ተቀብለው ሳሙት።

“አባ፣ ሴት ናት” አለችና የሽፈራውን ነገር አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ሽፈራው ከኋላ ቆሞ ጫማውን ያያል። ሶስና ልጇን እንዳቀፈች ትጠብቃለች።

አባ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ሳንቲሙን ዓይናቸው ሥር አስጠጉት።

“እኔ የሳምኩት መስቀሉን ነው” አሉ። “እሷም መስቀሉን ተሸክማ ይህን ሁሉ ዘመን ቆማለች። ለልጅቷ እሰሪላት።”