የቆረቆንዳ ቂንጬ

ሃምሳ አለቃ ተክለወልድ ጡረታ ወጥተው፣ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ጉልበታቸው መንቋቋት ከጀመረ በኋላ ፍቅር ያዛቸው። በሽታ ነው እንዳይባል ይበላሉ፣ ይተኛሉ። ጤና ነው እንዳይባል ደግሞ ከአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወርደው ታችኛው ሲቀላ አንድ ወፍጮ ቤት በር ላይ ሲደርሱ፣ ስንቱን ምልምል ቀጥ አድርጎ ያቆም የነበረው ድምፃቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ተወሽቆ ይቀራል።

የወፍጮ ቤቱና የጎኑ እህል ሱቅ ባለቤት ሰናይት ናት። ገረሴ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ ባሏ ከሞተ ዓመታት ያለፉ፣ ቅንድቧ ላይ ዱቄት ሰፍሮ እንኳ የምታምር፣ ሳቋ ከሞተሩ በላይ የሚሰማ ሴት። እሳቸውን ከደብረ ታቦር አርባ ምንጭ ያመጣቸው የመንግሥት ትእዛዝ ነበር። አሁን ግን ትእዛዝ ቢመጣም ንቅንቅ አይሉም።

"ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬስ ምን ልስጥዎ?" ትላቸዋለች።

"ምንም፣ ማለቴ… ሩዝ" ይላሉ። ይኼ ነው እንግዲህ የፍቅር ንግግራቸው።

በአፍ እንደማይሆንላቸው ሲገባቸው በእጅ ሊናገሩ ወሰኑ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተኩስ አስተማሪ ነበሩና ከዒላማ ሜዳ የለቀሙት ቀለሃ፣ ጥይቱ ወጥቶ የቀረው ባዶ የናስ ቀፎ፣ አልጋቸው ሥር በጣሳ ተቀምጧል። ከዚያ ቆርጠው ለሰናይት የአንገት ጌጥ ሊሠሩ ነው። አንገቷ ላይ ያስሩላትና "የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ" ይሏታል። ይህቺን ንግግር ጢማቸውን በተላጩ ቁጥር መስታወት ፊት ይለማመዷታል።

ችግሩ ቀለሃው ጠቁሯል። በጨርቅ ሲያሹት ውጭው ፈካ ይላል እንጂ ውስጡ የባሩድ ጥላሸት እንደያዘ ነው። እንዲጠራ ከሚፈትገው ነገር ጋር አብሮ መንከባለል አለበት። ለመንከባለሉ ጎረቤታቸው ምሥጋና ባጃጅ አለው። ለምሳ ቤቱ ሲመጣ የባጃጁን አንድ ጎን በድንጋይ ያነሱና የኋላ ጎማውን ፈትተው በቦታው ቀለሃ ያለበት ጄሪካን ይጠፍራሉ። ምሥጋና ሞተሩን ያስነሳል፤ ጄሪካኑ ይሽከረከራል፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮኻል።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ጄሪካኑ ውስጥ ከቀለሃው ጋር ምን ይግባ?

መጀመሪያ አሸዋ አሉ። አባያ ዳር ወርደው፣ አዞ ለአፍቃሪ አያዝንምና አንድ ዓይናቸውን ውሃው ላይ አድርገው፣ በፌስታል ዝቀው መጡ። ቀለሃው ሲወጣ ድመት የቧጨረው መስሏል። ቀጥሎ ከአናጢ ሰጋቱራ ለመኑ። እሱ ደግሞ ለስላሳ ነው፣ ግን እርጥብ ነበርና ቀለሃው ውስጥ ተጠቅጥቆ አልወጣ አለ። ከዚያ ሩዝ ሆነ። ሩዝ ጎበዝ ነው፣ ያጠራል። ግን የቀለሃው አንገት ቀጭን ስለሆነ ፍሬው እዚያው ይሰነቀራል፤ ሃምሳ አለቃም በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው በወስፌ ሩዝ ሲለቅሙ ይውላሉ። እንዲያም ሆኖ ሩዙን ቶሎ አልተዉትም። ሩዝ የምትሸጠው ሰናይት ናታ!

አንድ ቀን ሩዝ ሊገዙ ሄደው ወፍጮ ቤቱ ጀርባ የተቆለለ የበቆሎ ቆረቆንዳ አዩ። ፍሬው ተፈልፍሎ ያለቀ፣ ለማገዶ የተቀመጠ። አንዱን አንስተው በጥፍራቸው ፋቁት። ጠንካራ ነው፤ ግን አይቧጭርም። በደስታ ሊስሙት ምንም አልቀራቸው።

"ሰናይት፣ ይኼን ትፈጪልኛለሽ?"

"ቆረቆንዳውን?"

"አዎ። ዱቄት እንዳይሆን ብቻ። እንደ ቂንጬ ይሸርከት።"

"ለዶሮ ነው?"

"ዶሮ የለኝም።"

"ለላም?"

"ላም ከየት አምጥቼ? ለራሴ ነው እንጂ" አሉና ፈገግ አሉ፤ ምስጢሩ ጣፍጧቸው።

ሰናይት አልሳቀችም። ቆረቆንዳውን ከስክሳ ሸርክታ በከረጢት አሰረችላቸው። ሊከፍሉ ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ እጃቸውን ያዘች። "ይተዉት" አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

እጃቸውን ያዘችው! አልቅሳላቸዋለች! ሃምሳ አለቃ የሴቻን ዳገት በእግራቸው ወጡት፤ ዳገት መሆኑን ያወቁት ቤታቸው ደርሰው ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው።

ሰናይት ግን ሱቋን ዘግታ በቀጥታ የሄደችው የእድራቸው ሰብሳቢ ወደሆነችው ጸዳለ ነበር። "ሃምሳ አለቃ ጡረታቸው ሳይቋረጥ አልቀረም" አለቻት። "እስከ ትናንት በሩዝ ነበር የሚኖሩት። አሁን ሩዙም አቅቷቸው ቆረቆንዳ እንደ ቂንጬ ቀቅለው ሊበሉ ነው። ኩሩ ሰው ናቸው፣ ሞተው ነው የምናገኛቸው።"

በማግሥቱ የሃምሳ አለቃ በር እረፍት አጣ። አንዷ ሙዝ ከነዘለላው አመጣች። አንዷ "ለቅምሻ" ብላ አንድ ድስት ሽሮ አስቀምጣ ሄደች። ጸዳለ ራሷ ዳቦ ይዛ መጥታ በሐዘን ትከሻቸውን ነካ ነካ አደረገች። እሳቸው ምኑንም አልጠረጠሩም። ፍቅር ሰውን ያስወድዳል ሲባል ሰምተዋል፤ እንዲህ በሰፈር ደረጃ መሆኑን ግን አላወቁም ነበር።

ደግሞም ሥራ ላይ ነበሩ። ቆረቆንዳው ተአምር ሠራ። ከጄሪካኑ የወጣው ቀለሃ ውስጡም ውጭውም ወርቅ ይመስላል፤ ስብርባሪው ነካ ሲያደርጉት ይረግፋል፤ ወስፌ ቀረ። ቆረጡ፣ ሞረዱ፣ በክር ሰኩ። ለጌጡ ጥቂት ፍሬ ሲቀራቸው እሑድ በምሳ ሰዓት የመጨረሻውን ዙር አስገቡና ምሥጋና ሞተሩን አስነሳ።

በዚህ መሃል ግቢው በሴቶች ሞላ። ከፊት ጸዳለ፣ ከኋላዋ የበቆሎ ድቡልቡል ከጎመን ጋር የተቀቀለበት ትልቅ የኩርኩፋ ድስት የተሸከመች ሰናይት፣ ከዚያ የእድሩ ሴቶች በሙሉ።

"ሃምሳ አለቃ፣ ችግር ሲመጣ እድር ለምኑ ነው?" አለች ጸዳለ በሞተሩ ጩኸት ላይ እየጮኸች። "ሰው እያለልዎ ቆረቆንዳ ይበላሉ?"

"ምን እበላለሁ?"

ምሥጋና ደንግጦ ነዳጁን አብዝቶ ሰጠው። የጄሪካኑ ክዳን ተፈናጥሮ ወጣ። የቆረቆንዳ ስባሪና የሚያብረቀርቅ ቀለሃ በሴቶቹ ነጠላ ላይ፣ በጸዳለ ራስ ላይ፣ በድስቱ ክዳን ላይ ዘነበ። ሞተሩ ሲጠፋ አንዲት ቀለሃ ብቻዋን እየተንከባለለች ሄዳ ሰናይት እግር ሥር ቆመች።

አነሳቻት። አገላብጣ አየቻት። ከዚያ ከረጢቱን፣ ከዚያ ባጃጁን አየች።

"ቆረቆንዳው… ለዚህ ነው?"

"ለዚህ ነው።"

"አልተራቡም?"

ሃምሳ አለቃ አሁን ገባቸው። ሙዙ፣ ሽሮው፣ ዳቦው፣ ያ እንባ። ሙሽራ ሆኜ ታየኋት ሲሉ ለካ ያየችው ምስኪን ኖሯል። ፊታቸው በእፍረት ነደደ። መስታወት ፊት ያጠኑት ንግግር ብን ብሎ ጠፋ። ያላለቀውን ጌጥ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ክሩ እንደተንጠለጠለ ዘረጉላት።

ሰናይት ድስቱን ለጸዳለ አስይዛ ጌጡን ተቀበለች።

"እኔ ደግሞ ድሃ ሆነዋል ብዬ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ቆረቆንዳ ከሚበሉ ከእኔ ጋር ይብሉ፣ ለሁለት የሚበቃ እንጀራ አለኝ ብዬ ወስኜ ነው የመጣሁት።"

"እና አሁን?" አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ድምፃቸው ተመለሰ። "ድሃ አለመሆኔን ስታውቂ ቀረ?"

ያ ከሞተር በላይ የሚሰማው ሳቋ አመለጣት። ሴቶቹ ተከተሏት፤ ምሥጋና ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱን ያዘ፤ ጸዳለ ፀጉሯ ላይ ቆረቆንዳ እንዳለ እልል አለች። ሰናይት ጀርባዋን ለሃምሳ አለቃ ሰጥታ ነጠላዋን ከአንገቷ ገለጥ አደረገች። እሳቸውም ክሩን ቋጠሩላት።

"የጎደለውን ፍሬ ነገ ይጨርሱታል" አለች ዞር ብላ። "አሁን ግባና ብላ፣ ተክሌ። ኩርኩፋው ይቀዘቅዛል።"