አራስ የተኛችበት ጤፍ

የተወለድኩባት ትንሽ የገጠር ከተማና የገበሬ ማኅበሮቿ ታሪክ በመጽሐፍ ወጣ። ያዘጋጁት አዲስ አበባ ያሉ ተወላጆች ናቸው። ሽማግሌዎቹን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ጠይቀዋል። የኮሚቴው ጸሐፊ ኮልፌ እኛም ቤት ሲመጣ፣ እናቴን ሊጠይቃት መስሎኝ ደስ አለኝ።

«እማማ፣ ለምርቃቱ ድፎ ዳቦ ይጋግሩልናል ብለን ነው» አላት። ይኸው ነው! ስለ ጤፉ አንድ ቃል አልጠየቃትም።

በደርግ ጊዜ፣ በእህል ኮታው ዘመን ከአውራጃ የመጡ ፈታሾች ማኅበሩ ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር ይጭኑ ነበር። እናቴ እኔን ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው። የዘሩን ጤፍ በስልቻ አስመጥታ መደቧ ላይ ደረደረችው፤ አጎዛ አነጠፈችበትና እኔን ታቅፋ ተኛችበት። አራስ ጓዳ ባዕድ ወንድ አይገባም። ፈታሾቹ ደጅ ቆመው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ሄዱ። ደግመው ሲመጡ ሁለት ወር ሊሞላት ነበር፤ ሴት በመሆኔ ግን ክርስትናዬ ሰማንያ ቀን ስለሚጠብቅ ገና አልተነሳችም። «ወንድ ብትሆኚ ኖሮ በአርባ ቀን ጉድ ይፈላ ነበር» ትለኛለች እስካሁን። ክረምቱ ሲገባ አገሩ ሁሉ የዘራው ያንን ጤፍ ነው።

የምርቃቱ ቀን ጉልበቷ አላንቀሳቅስ ስላላት ድፎውን አስይዛ ላከችኝ። አዳራሹ ዳቦዋን እያላመጠ ሲያጨበጭብ እኔ ገጽ እገልጣለሁ። አገኘሁት፤ አንዲት መስመር ናት። «በማኅበሩ ሊቀመንበር ብልሃት ዘሩ ከፈታሾች ተሰወረ።»

ጸሐፊውን ይዤ ጠየቅኩት።

«እህቴ፣ የማኅበሩ መዝገብ ላይ ያለው የአባወራ ስም ብቻ ነው። ምን ላድርግ?»

ምን ላድርግ ይለኛል! ድፎ ሊያስጋግር ሲመጣ መዝገብ አይቶ ነው ቤታችንን ያገኘው? መጽሐፉን ይዤ ታክሲ ተሳፈርኩ።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በረንዳው ላይ ትጠብቀኛለች። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ማንበብ አትችልም።

«የጤፉ ነገር አለበት?» አለችኝ ገና ከበር ሳልገባ።

ልዋሻት አስቤ ነበር። አንጀቴ እምቢ አለኝና መስመሯን እንዳለች አነበብኩላት። መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ሽፋኑን በመዳፏ ዳበሰችው፤ መልሳም ሰጠችኝ።

«እንግዲያው» አለች፣ «ሊቀመንበሩን እንኳን ማርያም ማረችህ በይልኝ።»