«እሺ» ያልነው ስም

ትናንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው አንዲት ሴት ኦፔራ ስትዘፍን አሰማ። ድምፅዋ ሽቅብ ሲወጣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ሾፌሩ ጣቢያውን ቶሎ ቀየረው፤ እኔ ግን ሐሳቤ ዮቪል፣ ደቡብ አፍሪካ ያደግኩበት ሰፈር ሄዶ ቀረ፣ አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ።

ከተማው በኮሮና የተዘጋ ሰሞን ነው። እናቴን ምጥ ድንገት ያዛት። ጨነቀኝና መስኮት ከፍቼ ጮህኩ። ፊት ለፊታችን ካለው ፎቅ ላይ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ይኖሩ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጎጎ» ይላቸዋል፣ በዙሉ አያት ማለት ነው። ማስካቸውን አጥልቀው፣ አልኮል አልኮል እየሸተቱ መጡና እናቴን አዋለዷት።

ሕፃኗን አቅፈው ብዙ አይዋት። «አዴሊና በሏት» አሉ። የጥንት ዝነኛ የኦፔራ ዘፋኝ ስም ነው፤ ሴት ልጅ ብወልድ ብለው አስቀምጠውት ነበር፣ ግን ሳይወልዱ ቀሩ። አባቴ ያን ሰዓት ምን ቢጠየቅ እምቢ ይላል? «እሺ ጎጎ» አላቸው።

የኛን ሰው «እሺ» ታውቁት የለ? ይሉኝታ የሚያስብለው እሺ። በሰባተኛው ቀን አያቴ ከወራቤ በስልክ ዘይነባ ብለው ስም አወጡላት። እናቴ፣ «ለጎጎ ማን ይንገራቸው?» አለች። አባቴም፣ «መንገዱ ይከፈት፤ ራሴ ሄጄ አስረዳቸዋለሁ» አላት።

ጎጎ በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በረንዳቸው ላይ ይወጡና «አዴሊናአአ» እያሉ ያዜማሉ። ያ ያረጀ ድምፅ እንዴት ያምር እንደነበር! እህቴ ትፈራገጣለች፣ እኛም እጃችንን እናውለበልባለን። ዘይነባ ብለን ስንጠራት ግን መስኮቱን እንዘጋለን። ሲያሳፍር!

መንገዱ ተከፈተ። አባቴ ሱቁን ከፈተና «ነገ» አለ፤ በነጋታውም «ነገ» አለ። ብርዱ ሲጠና ጎጎን አምቡላንስ ወሰዳቸው። ከሳምንት በኋላ መሞታቸውን የፎቁ ዘበኛ ነገረን።

አባቴ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። «እውነቱን ብነግራቸው ይቅር ይሉኝ ነበር» አለ። ደግሞስ ስሙን ብንሰጣት ምን ይጎድልብን ነበር? እስካሁን ያንገበግበኛል።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ እህቴ መስኮቱ ሥር ተነጫነጨች። እናቴ «ዘይነባ፣ ዘይኑዬ» ብትላት ዞር አላለችም። እናቴ ጎንበስ ብላ በቀስታ «አዴሊና» አለቻት። እህቴ መነጫነጯን ተወችና ፊቷን ወደ ጎጎ ባዶ በረንዳ አዞረች።

አባቴ ለካ ከሱቅ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል።

«እስቲ አንዴ ደግመሽ ጥሪያት» አላት።