ኮከቤን ያስቆጠሩብኝ ሰሞን

መካነ ሰላም ካምፓስ ፊዚክስ ሳስተምር፣ በትርፍ ጊዜዬ የማጠናው አንዲት ድንክ ጋላክሲ ነበረች። እጅግ ደብዛዛ ናት። የሩቅ አገር ቴሌስኮፕ ያነሳቸውን ምስሎች ኔትወርክ ሲመጣ አወርድና፣ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚለውን ተለዋዋጭ ኮከቦች እፈልጋለሁ። ያገኘኋቸው ሁሉ ያረጁ ናቸው፤ ወጣት ኮከብ የሚባል የላትም። ኮከብ የሚሠራበትን ጋዟን ገና በጥንቱ ጨርሳ፣ ኮከብ መውለድ አቁማለች።

እጮኛዬ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። አንድ ቀን አዲስ ተለዋዋጭ አገኘሁ ብዬ ስፈነጥዝ፣ «ቀስ በይ፣ በአንድ ሌሊት ምስል አይደመደምም» ብሎ አስተወኝ። ልክ ነበር። የወደድኩትም በዚህ በዚህ ነው።

ሽማግሌ ተልኮ፣ አባቴ እሺ ብሎ፣ ቀን ሊቆረጥ ሲል የእጮኛዬ እናት አቀስታ ከተማ አንድ ደብተራ ዘንድ ሄደው ኮከባችንን አስቆጠሩ። የእኔና የእናቴ ስም ከእሱና ከእናቱ ስም ጋር ተሰላ፤ «አይገጥምም፣ ትዳሩ አይበረክትም» ተባለ። በቃ!

«እናቴን እንዴት ላስቀይም? ትንሽ ታገሺኝ፣ አብሽሪ» አለኝ። አብሽሪ! ወላሂ፣ በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። በአንድ ሌሊት ምስል የማይደመድመው ሰውዬ በአንድ ስም ደመደመ። ወሬው ካምፓሱን አዳረሰና፣ «የሰማዩን ስታጠና የራሷ አልገጥም አላት» እያሉ ይስቁብኝ ጀመር። እርር ድብን ብዬ ከረምኩ።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊታቸው በርቶ ተመልሰው መጡ። ለካ እናቱ በችኮላ ለደብተራው የሰጡት የዓለም ስሜን ኖሯል፤ የሚቆጠረው ደግሞ በክርስትና ስም ነው። ከእናቴ ጠይቀው እንደገና ቢያስቆጥሩ ገጠመ። እናቴ እልል አለች። አባቴም «ይኸው፣ እግዜር ሲፈቅድ» ብሎ ለመልሱ ቀጠራቸው።

በማግስቱ እሱ ራሱ መጣ። ደስታው አላስችል ብሎት ገና በሩ ላይ አቀፈኝ።

«አላልኩሽም? ገጠመ እኮ!»

«ባይገጥምስ ኖሮ?» አልኩት።

ጠበቅኩት፤ አንዲት ቃል፣ ውሸትም ብትሆን ትበቃኝ ነበር። እሷንም አጣ።

ሽማግሌዎቹ ለመልስ ሲመጡ አባቴ እየተቆጣኝም ቢሆን በእኔ ቃል «እምቢ ብላለች» ብሎ መለሳቸው። እወደዋለሁ እኮ፣ ዛሬም እወደዋለሁ። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።